ሰው ሠራሽ ኮርቻና የፈረሱ ጀርባ

ኮርቻ ከሌላው የሱቅ ዕቃ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ጫማ የሚገዛ ሰው ራሱ ለክቶ ይወስዳል፤ ኮርቻን ግን አንዱ ይገዛዋል፣ ሌላው ይለብሰዋል። ገዢው በሱቅ ውስጥ ቀለሙን አይቶ፣ ልስላሴውን ዳስሶ፣ ምናልባትም ተቀምጦበት ሞክሮ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ዕቃው መልካም ወይም መጥፎ መሆኑን የሚመሰክረው ግን ሱቁን ከቶ ያላየው ፈረስ ነው። ምስክርነቱም የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ ይኸውም በጫንቃው ላይ ጠጕሩ ሲመለጥ፣ ከዚያም ቆዳው ሲላጥና ገጣባ ሲወጣ ነው። ገጣባ የወጣበት ፈረስ ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቀለባል። ፈረሱን አከራይቶ ለሚኖር ባላገር ይህ የገቢ መቋረጥ ነው፤ ኮርቻውን ለሸጠለት ነጋዴ ደግሞ የደንበኛ መጥፋት ነው።

በዘመናችን በኢትዮጵያ ፈረስና በቅሎ መጋለብ የመጓጓዣ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ለጎብኚ በቅሎ ማከራየት ከቆየ ልማድ የተቈጠረ ነው፤ ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ እንግዳም አቀበቱን በበቅሎ ሊያልፈው ይችላል። በባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ወገን በአዳባና በዶዶላ፣ በጀርመን የቴክኒክ ርዳታ በተካሄደ የደን ጥበቃ ሥራ አማካይነት፣ ከማረፊያ ቤት ወደ ማረፊያ ቤት በፈረስ የሚደረግ የበርካታ ቀን ጉዞ ተደራጅቶ ነበር። በ2013 ዓ. ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም የፈረስ ግልቢያ አንዱ መዝናኛ ሆኗል። በአዊ በኩል በ1932 ዓ. ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የሚታየው የፈረስና የዕቃው ጌጥ፣ አገሩ ኮርቻን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቅ መሆኑን ለማንም ያሳያል። ስለዚህ ለአዲስ ዓይነት ኮርቻ የሚሆን ገበያ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። ሰፊ ነው ማለትም አይቻልም፤ ገበያው ጠባብ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት ኖሮት አይደለም፣ ሳይታሰብበት የታዘዘ አንድ ሣጥን ኮርቻ ለዓመታት በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ የሚጠጣው።

ሰው ሠራሽ የተባለው ኮርቻ መነሻው በፋብሪካ የሚፈተል ክር ነው። ናይለን በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ የምርምር ክፍል በዋላስ ካሮተርስ መሪነት የተገኘው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1935 ዓ. ም. ነው። ከዚህ ክር የሚሸመነውና ኮርዱራ የተባለው ጠንካራ ጨርቅ ዛሬ የአሜሪካን ዓይነት ሰው ሠራሽ ኮርቻ ከሚሸፍኑት ጨርቆች አንዱ ነው። በአውስትራሊያ ዊንቴክ፣ በእንግሊዝ ቶሮጉድ የተባሉት የንግድ ምልክቶች ደግሞ የእንግሊዝን ቅርጽ የያዘ፣ ላዩ ቆዳን ወይም ከፋይን በሚመስል ሰው ሠራሽ ልባስ የተሸፈነ ኮርቻ ያቀርባሉ። በሁሉም ዘንድ ከልባሱ ሥር ዐፅም አለ። ይህ ዐፅም በቀድሞው ዘመን እንጨት ነበር፤ በሰው ሠራሹ ኮርቻ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ከዐፅሙ ሥር በፈረሱ ጀርባ ላይ የሚያርፉ ሁለት ትራሶች አሉ፤ በውስጣቸውም የበግ ጠጕር ወይም ስፖንጅ ይጠቀጠቃል፣ በአንዳንዱም የታሸገ አየር አለ።

የኢትዮጵያ ባለሙያ ይህን አሠራር ሲያይ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። የአገሩ ኮርቻ በአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት የእንጨት ክንፎች ከፊትና ከኋላ በከፍታ ተያይዘው፣ መካከሉ ክፍት ሆኖ፣ በጠፍር ተጠፍሮ የሚሠራ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1859 እ. ኤ. አ. የተቀበለውና በጆርጅ ማክሌላን ስም የሚጠራው የፈረሰኛ ኮርቻም በአከርካሪው ላይ ክፍት የሆነ፣ በእንጨት ዐፅም ላይ ጥሬ ቆዳ የተወጠረበት ቀላል ኮርቻ ነበር። አንዱ ከሌላው ተቀድቷል ለማለት አይደለም። የፈረስ አከርካሪ ክብደት የማይሸከም መሆኑን ተራራ ላይ የሚጋልብ ሕዝብ ሁሉ በየበኩሉ ስለ ደረሰበት ነው። ማንኛውም ኮርቻ፣ ቆዳም ይሁን ናይለን፣ ሸክሙን ከአከርካሪው ላይ አንሥቶ በግራና በቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ካላከፋፈለ ስሙ ኮርቻ ቢሆንም ሥራው የኮርቻ አይደለም።

የሰው ሠራሹ ኮርቻ ጥቅም ምን እንደሆነ በቅንነት መናገር ያስፈልጋል፤ አስመጪዎች የሚያጋንኑበት፣ የቆዳ ሠሪዎችም የሚያቃልሉበት ጉዳይ ነውና። አንደኛው ጥቅም ዝናብን መቻሉ ነው። ክረምት በሚበረታበት ደጋ ቆዳ ሲርስና ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ካልተቀባ ይሻግታል። ናይለኑ ግን በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ታጥቦ በጥላ ሲሰቀል ፈጥኖ ይደርቃል። ሁለተኛው በአብዛኛው ዋጋው በደረጃው ካለ የቆዳ ኮርቻ መርከሱ ነው። ሦስተኛውና ለኢትዮጵያ ከሁሉ የሚበልጠው የክብደቱ ማነስ ነው። የቆዳ የአሜሪካ ኮርቻ ብዙውን ጊዜ ከ11 እስከ 16 ኪሎ ይመዝናል፤ በኮርዱራ የተሸፈነው ግን ከ6 እስከ 10 ኪሎ ባለው ውስጥ ይገኛል።

ይህ ልዩነት ለምን እንደሚከብድ በቍጥር ይታያል። በ2008 እ. ኤ. አ. በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ቴክኒክ ተቋም ስምንት ፈረሶች ከክብደታቸው 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ እንዲሸከሙ ተደርጎ በተጠና ጊዜ፣ 25 እና 30 በመቶ ሲሸከሙ የልብ ምታቸው መጨመሩ፣ የጡንቻቸውም ሕመም መባሱ ታይቷል። ከሃያ በመቶ አታሳልፍ የሚለው የፈረሰኞች ልማድ በዚህ ተደግፏል። እንግዲህ 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ቢወሰድ ሃያ በመቶው 50 ኪሎ ብቻ ነው። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ጋላቢ በ15 ኪሎ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ሸክሙ የፈረሱን ክብደት 30 በመቶ ይሆናል፤ ኮርቻው 7 ኪሎ ቢሆን ወደ 27 በመቶ ዝቅ ይላል። አሁንም ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከጋላቢው ሥጋ ላይ ስምንት ኪሎ መቀነስ ከማይቻል ከኮርቻው መቀነስ ይቀላል። የውጭ አገር ጎብኚ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከስድሳ ኪሎ በላይ ነው።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ግን ከልክ በኋላ የሚመጣ ነው። ቀላልና ርካሽ የሆነ ኮርቻ ጀርባውን ካልገጠመው ከባዱና ገጣሚው ይሻላል። በዚህ ላይ ነው የማስመጣቱ ሥራ የሚበላሸው። አብዛኛው በውጭ ገበያ የሚገኘው ኮርቻ ለውጭ ፈረስ የተለካ ነው፤ ይህም ፈረስ በጫንቃው በኩል ሲለካ 1.50 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚቆም ነው። በ2012 እ. ኤ. አ. የታተመ የኢትዮጵያ ፈረሶች ጥናት ስምንት ዓይነት ፈረሶችን ለይቷል፤ ከእነርሱም መካከል የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮና የከፋ ፈረሶች ይገኛሉ። የሰላሌው በቁመቱም በመልኩም የተመሰገነ ነው። ሆኖም አብዛኛው የአገር ፈረስ ከ1.40 ሜትር አይበልጥም፤ ጀርባውም አጭር ነው። ስለዚህ በሥዕል መጽሔት ላይ አምሮ የታየውን ኮርቻ «መካከለኛ ልክ» ብሎ ማዘዝ ለማያውቁት ሰው ልብስ እንደ ማሰፋት ያለ ነው።

ልኩ የሚጀምረው ከርዝመት ነው። የኮርቻው ክብደት የሚያርፍበት ስፍራ ከትከሻው ዝርግ አጥንት በስተኋላ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የጎድን አጥንት ድረስ ብቻ ነው። ፈረስ በአንድ ወገን 18 የጎድን አጥንቶች አሉት፤ የመጨረሻው በጣት ሲዳሰስ ይገኛል፣ ከእርሱም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲወጣ ጀርባው የሚያበቃበት፣ ወገቡ የሚጀምርበት ነው። ከዚያ ያለፈ ኮርቻ ወገብ ላይ ይጫናል። የአሜሪካን ዓይነት ኮርቻ ከትራሱ ሥር የሚዘረጋው ልብስ ብዙውን ጊዜ ከ26 እስከ 28 ኢንች ይደርሳል፤ በአጭር ጀርባ ላይ ይህ ልብስ የፈረሱን ዳሌ እየመታ ያቈስላል። ሆኖም ይህንኑ ኮርቻ ጠርዙ ክብ ሆኖ አጥሮ የተቈረጠ አድርገው የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ለኢትዮጵያ የሚታዘዘው እንዲህ ያለው ነው፤ ትእዛዙም ላይ የልብሱ ርዝመት በኢንች መጻፍ ይገባዋል።

ቀጥሎ ስፋት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው። ኮርቻው በፊት በኩል ጫንቃውን እንደ ድልድይ የሚሻገር ቅስት አለው። ቅስቱ ከጠበበ ጫንቃውን ይቈነጥጣል፤ የፊቱ ከፍ ይላል፣ ጋላቢውም ወደ ኋላ ይንሸራተትና ክብደቱን በኋለኛው ጠርዝ ላይ ይጥላል። ቅስቱ ከሰፋ ኮርቻው ወደ ፊት ዘምሞ በጫንቃው አጥንት ላይ ይቀመጣል። በሁለቱም መንገድ ገጣባ ይወጣል፤ ስፍራው ብቻ ይለያያል። ብዙ ሻጮች የጠበበውን ኮርቻ በወፍራም ድብዳብ ሊያስተካክሉት ሲሞክሩ ይታያል። ይህ ጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ ደርቦ እንደ መግባት ነው፤ መቈንጠጡን ያብሳል እንጂ አያቀልም።

ስለዚህ ሱቁ ኮርቻ የሚሸጥ ከሆነ ልክ የሚቀበል መሆን አለበት። ልክ መውሰድ ከባድ ጥበብ አይደለም። ፈረሱ በደልዳላ ስፍራ በአራቱም እግሩ እኩል ቆሞ፣ አንገቱን ሳያቀና ሳይደፋም፣ ወፍራምና ተጣጣፊ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከትከሻው አጥንት ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ተብሎ በጫንቃው ላይ ይጋደማል፤ በእጅም እየተጫኑ የጀርባውን ቅርጽ እንዲይዝ ይደረጋል። ከዚያም ሳይጣመም ተነሥቶ በካርቶን ላይ ይቀመጥና በእርሳስ ይከበባል። ሁለተኛው ቅርጽ ጋላቢው በሚቀመጥበት በጀርባው መካከል፣ ሦስተኛው በአከርካሪው አጠገብ ከፊት ወደ ኋላ በርዝመት ይወሰዳል። ሦስቱ ካርቶኖች ተቈርጠው በሱቁ ውስጥ በተገለበጠው ኮርቻ ላይ ሲገቡ፣ የሚገጥመውና የማይገጥመው በዓይን ይለያል። ዶዶላ ያለ ባለ ፈረስ ፈረሱን ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አይችልም፤ ሦስት ካርቶን መላክ ግን ይችላል። አሥር ባለ ፈረሶች ካርቶናቸውን ቢልኩ ደግሞ አስመጪው ከማዘዙ በፊት የትኛውን ስፋት በብዛት እንደሚፈልግ ማወቁ ነው።

በአንዳንድ ሰው ሠራሽ ኮርቻዎች ዘንድ ያለው ተለዋዋጭ ቅስት ለዚህ ችግር የተገኘ መልካም መፍትሔ ነው። በዊንቴክ ለምሳሌ የብረቱ ቅስት በብሎን ተፈትቶ በሌላ ይለወጣል፤ ልኮቹም በቀለም ተለይተዋል፣ ጥቁሩ መካከለኛ፣ ቀዩ ሰፊ ነው። ጥቅሙ አንድን ኮርቻ ለሁለት ፈረስ ማብቃቱ ብቻ አይደለም። በደጋ ያለ ፈረስ በጥቅምት ሣር ጠግቦ ይወፍራል፣ በግንቦት ይከሳል፤ የጫንቃው ቅርጽ ከወር ወደ ወር ይለወጣል። በመስከረም የገጠመው ኮርቻ በሚያዝያ ሊወድቅበት ይችላል። ይሁን እንጂ ቅስቱን መለወጥ የፊቱን ስፋት ያስተካክላል እንጂ የትራሱን ርዝመትና የጀርባውን ጎባጣነት ወይም ደልዳላነት አይለውጥም። ይህን ለገዢ ሳይናገር «ለሁሉም ፈረስ የሚሆን» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃውን ከሚችለው በላይ ያመሰግነዋል።

ኮርቻው ጀርባው ላይ ሲሞከር መጀመሪያ ያለ ድብዳብ ይሁን። በጫንቃው ላይ ትንሽ ወደ ፊት አስቀምጦ ወደ ኋላ እየገፉ ራሱ በሚያርፍበት ስፍራ መተው ነው፤ በጠጕሩ አግጣጫ ስለሚንሸራተት ጠጕሩም አይቀለበስም። ብዙ ሰው ኮርቻውን ከሚገባው በላይ ወደ ፊት ያስቀምጠዋል፤ ያን ጊዜ ፈረሱ እግሩን በዘረጋ ቍጥር የትከሻው አጥንት ወደ ኋላ እየመጣ ከኮርቻው ጠርዝ ጋር ይጋጫል፣ እርምጃውም ያጥራል። ጋላቢው ከተቀመጠ በኋላ በጫንቃውና በቅስቱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። በሁለቱ ትራሶች መካከል ያለው ቦይ ከፊት እስከ ኋላ ሦስት ወይም አራት ጣት ይስፋ፤ ከኋላ ሆኖ ሲታይ ብርሃን ማሳለፍ ይገባዋል። ከትራሱ ሥር እጅ ከፊት ወደ ኋላ ሲሳብ ጫናው በእኩል ይሰማ። ከፊትና ከኋላ ነክቶ መካከሉ ባዶ የሆነ ኮርቻ ሸክሙን ሁሉ በአራት ነጥብ ላይ ይጥላል፤ ይህ ጉድለት በለስላሳ ስፖንጅ ሥር ስለሚሸሸግ ገዢን በቀላሉ ያታልላል። ልስላሴ ልክ አይደለም።

የመጨረሻው ፈተና ላብ ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል በዳገትና በቍልቍለት ከተጋለበ በኋላ ኮርቻው ሲነሣ ከትራሶቹ ሥር ላቡ በእኩል ተዘርግቶ መታየት አለበት። በላቡ መካከል ደረቅ ሆኖ የቀረ ስፍራ ካለ እዚያ ላይ ጫናው በዝቷል ወይም ኮርቻው አልነካውም ማለት ነው፤ በእጅ ዳስሶ መለየት ነው። በጥቁር ወይም በዳማ ፈረስ ጫንቃ ላይ ነጭ ጠጕር በቦታ በቦታ በቅሎ ከታየ የቀድሞ ኮርቻ ሥራ ነው። አንዳንድ ባለቤት ፈረሱ ሲጫን ጆሮውን አጋድሞ ሊነክስ ሲል ክፉ ጠባይ ነው ብሎ ይመታዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ከማለት የከፋ ነው፤ ጥፋተኛው ዳውላው ሆኖ ሳለ አህያው ይመታልና።

ስለ በቅሎ ለብቻው አንድ ቃል ያስፈልጋል። የበቅሎ ጀርባ ከፈረስ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው፣ ጫንቃዋም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ለፈረስ ጎባጣ ሆኖ የተሠራ ዐፅም በእርስዋ ላይ ይወዛወዛል፣ በቍልቍለትም ወደ አንገቷ ይሸሻል። ይህን ለመከላከል ከጅራቷ ሥር የሚያልፍ ማሰሪያ ያስፈልጋል፤ ኮርቻውም ማሰሪያው የሚያያዝበት ቀለበት ከኋላው ሊኖረው ይገባል። ብዙ የእንግሊዝ ዓይነት ኮርቻ ይህ ቀለበት የለውም። ለሰሜን ተራሮች ወይም ለላሊበላ የሚያቀርብ ነጋዴ ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ይህን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ከፈረሱ ቀጥሎ የጋላቢው ምቾት ይመጣል። ለረዥም መንገድ የሚሆን መቀመጫ ሰፋ ያለና ኋላው መጠነኛ መደገፊያ ያለው ይሁን፤ በጣም ጐድጓዳ የሆነው በሱቅ ውስጥ ደስ ቢያሰኝም ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰውየውን በአንድ ስፍራ አስሮ ያደክመዋል። ከፋይ የሚመስለው ልባስ ለጀማሪ ይይዛል፤ ነገር ግን ሱሪን እየያዘ ቆዳ የሚልጥበት ጊዜም አለ። እርካቡ ከጫማው በግራና በቀኝ ተደምሮ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስፋ። በቀድሞው ልማድ ባላገሩ በባዶ እግሩ ስለሚጋልብ ትንሿን እርካብ በጣቱ ይይዝ ነበር፤ ወፍራም የተራራ ጫማ ያደረገ ጎብኚ ግን በጠባብ እርካብ እግሩ ተቀርቅሮ ከወደቀ ይጎተታል። ይህ የምቾት ሳይሆን የሕይወት ነገር ነው።

ትእዛዝ በሚጻፍበት ጊዜ ነጋዴዎች የሚሳሳቱበት ዋናው ነገር የመቀመጫው ቍጥር ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ኮርቻ ሁለቱም በኢንች ይለካሉ፣ አለካካቸው ግን አንድ አይደለም። የእንግሊዙ ከፊት በጎኑ ካለው ምስማር ራስ እስከ ኋላው ጠርዝ መካከል ይለካል፤ የአሜሪካው ደግሞ ከፊተኛው ከፍታ እግር እስከ ኋላው ጠርዝ ይለካል። ከዚህ የተነሣ ለአንድ ሰው የሚሆነው የእንግሊዝ ቍጥር ከአሜሪካው በሁለት ኢንች ገደማ ይበልጣል፤ የእንግሊዙ 17 ከአሜሪካው 15 ጋር ይቀራረባል። ዓይነቱን ሳይገልጽ «17 ኢንች» ብሎ ወደ አሜሪካ ፋብሪካ የጻፈ አስመጪ ለግዙፍ ሰው የሚሆን ኮርቻ ይደርሰዋል። በሆድ ሥር የሚያልፈው ጠፍርም እንዲሁ ነው፤ ለውጭ ፈረስ ተብሎ የተሰፋው በአገር ፈረስ ላይ ቀዳዳው ሁሉ አልቆ አሁንም ይላላል። ከኮርቻው ጋር ለድንክ ፈረስ የሚሆነውን አጭር ልክ ማዘዝ ነው።

በጉምሩክ በኩል ኮርቻና የፈረስ ዕቃ፣ ከማናቸውም ነገር ቢሠራ፣ በታሪፍ ቍጥር 42.01 ይመደባል፤ ስለዚህ ናይለን ስለሆነ በፕላስቲክ ወይም በጨርቅ ምዕራፍ ይገባል ብሎ መገመት ስሕተት ነው። ድብዳብም በዚሁ ቍጥር ነው። ነገር ግን እርካብ፣ የልጓም ብረትና ዘለበት ለብቻቸው ተጭነው ሲመጡ ከዚህ ምዕራፍ ወጥተው በብረታ ብረት ክፍል ይመደባሉ፤ አለንጋም በ66.02 ነው። በደረሰኙ ላይ ኮርቻው ከእርካቡና ከጠፍሩ ጋር የተሟላ ከሆነ በግልጥ ይጻፍ።

ናሙና ሲደርስ ኮርቻውን ገልብጦ በቦዩ ላይ አሻግሮ ማየት ጠቃሚ ነው፤ የተጣመመ ዐፅም ያን ጊዜ ይታያል። የጎኑን ክንፍ አንሥቶ ጠፍሩ የሚያያዝባቸውን ማሰሪያዎች መሳብ፣ ስፌታቸውም ከዐፅሙ ጋር መያዙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የንግድ ምልክት የሌለው እጅግ ርካሽ ኮርቻ ላዩ ከታወቀው ጋር አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ ያለው ከልባሱ ሥር ነው። የፊቱን ይዞ የኋላውን ወደ ራስ ሲጫኑት የሚንቋቋ ከሆነ መመለስ ነው።

ድብዳብን በሚመለከት አስመጪው ሩቅ መሄድ የሚያስፈልገው አይመስልም። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ድብዳብ ያሞቃል፣ ላብንም በደንብ አይጠጣም። የበግ ጠጕር ግን ላብ ይጠጣል፣ ጫናንም ያከፋፍላል። በመንዝ ከበግ ጠጕር የሚሠራው ባና ታጥፎና ተሰፍቶ ለዚህ ሥራ ሊውል የሚችል ዕቃ ነው፤ በአከርካሪው ላይ የሚያልፈው መካከሉ ወደ ቦዩ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ተደርጎ ቢሰፋ ከውጭ የሚመጣውን የሚተካበት ምክንያት አይታጣም። ኮርቻውን ከውጭ፣ ድብዳቡን ከመንዝ አድርጎ በአንድነት የሚሸጥ ሱቅ የውጭ ምንዛሪውንም ይቈጥባል።

የቆዳ ሠሪዎችም ሥራ አያጡም። ናይለኑ በእሾህ ይተለተላል፣ ረዥም ፀሓይም ክሩን ያደክመዋል፤ ቬልክሮው በጭንጫና በሣር እሾህ ተሞልቶ መያዙን ይተዋል፤ ቆዳ መሳዩ ልባስም በጉልበት ስፍራ መላጥ ይጀምራል። ቆዳ ተቀብቶ ይታደሳል፤ የተላጠ ልባስ ግን አይታደስም። ቶሎ የሚያልቁት የጠፍርና የእርካብ ማሰሪያዎች ናቸው፤ እነዚህን በጠንካራ የአገር ቆዳ መተካት ለጥሩ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ከተተኩም በኋላ ከፋብሪካው የተሻለ ሊያገለግሉ ይችላሉ።

አስመጪው ተለዋዋጭ ቅስት ያለውን ዓይነት ከመረጠ ለየኮርቻው ቢያንስ ሦስት ልክ፣ ይኸውም መካከለኛውን፣ ከእርሱ የሚሰፋውንና የሚጠበውን፣ ከነብሎናቸው በመጀመሪያው ትእዛዝ ውስጥ ማስገባት አለበት። ቅስቶቹ ከኮርቻው ጋር በአንድ ሣጥን ካልመጡ፣ ኋላ ለብቻቸው ለማስመጣት የሚከፈለው የጭነት ዋጋ ከራሳቸው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።